ከችፑዱ ማዶ

«ያ ዕቃ የታመመ መሰለኝ» የሚል ድምፅ ከችፑዱ ግድግዳ ማዶ ሲመጣ ታጠቅ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ፣ ግማሽ ጉንጩን ላጭቶ ቀሪው ላይ ምላጩን ሊያሳርፍ ነበር። ተናጋሪዋ ታላቅ እህቱ አማረች ናት። የምታወራው ለእሱ አይደለም፤ ለእሱማ አንዲት ቃል ከተነፈሰች ስድስት ዓመት አልፏታል። የምታዋራው ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖረውን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማታ ማታ ልብስ የምትሰፋውን ሉሊትን ነበር። «ድሮ እንደዚህ አልነበረም። የተበላሸው ከሰኔ ወዲህ ነው፤ ጢንዚዛ የገባበት ይመስል ያጉረመርማል። ትናንት ያቺን የእናቴን ዘፈን ሲከፍታት ክራሩ በርሜል ውስጥ የሚመታ መሰለኝ። እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ» አለች። ታጠቅ ምላጩን እንደያዘ ቀረ። ሳሙናው ጉንጩ ላይ እስኪደርቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

አማረች ገና አልጨረሰችም ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ቀጠለች፤ ሉሊትም «ውይ እትዬ!» ስትል ተሰማ። ታጠቅ ግን የሚበቃውን ሰምቷል። ከግድግዳው ራቅ ብሎ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ፊቱ ላይ እያንቦራጨቀ ታጠበ፤ ግማሽ ጉንጩን ሳይላጭ ፎጣ አነሣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እህቱ ያንን ሙዚቃ የምትጠላው መስሎት ነበር። ማታ ማታ ሲከፍት ድምፁን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ እያደረገ፣ አንድ ቀን ችፑዱን በቡጢ ትደበድበዋለች ብሎ ሲሳቀቅ ኖሯል። ለካስ ትሰማዋለች። መስማት ብቻም አይደለም፣ በየትኛው ወር እንደታመመ ለይታ ታውቃለች። ሰኔ ልክ ነው። ሰኔ ላይ ነበር ሙዚቃ ከሚሰማበት አምፕሊፋየር ያረጁትን አምፖሎች አውጥቶ ከአዲስ አበባ ያስመጣቸውን አዲስ የቻይና አምፖሎች የተከለበት። ባለሙያ ነኝ ባዩ ታጠቅ ራሱ ድምፁ መሻከሩን ያወቀው ነሐሴ ሲጋመስ ነው።

ቤቱ የእናታቸው ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከፍራንኮ ሰፈር ዋና መንገድ ሁለት መታጠፊያ ገባ ብሎ ያለ፣ ጣሪያው ከአንድም ሁለት ጊዜ የተለወጠ የጭቃ ቤት። በፊት ሰፊ ሳሎን ነበረው። ወንድምና እህቱ ከተጣሉ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሁለት ቅዳሜ ከመከሩ በኋላ አናጢ አስጠርተው ሳሎኑን በችፑድ ከፈሉት። ለታጠቅ ወደ ግቢው በር የሚያየውን መውጫ፣ ለአማረች ወደ ጓሮ የሚወጣውን ሰጧቸውና መርቀው ሄዱ። ሊያስታርቅ የተጠራ ሽማግሌ ግድግዳ ገጥሞ ሲሄድ የታየው እዚያ ቤት ነው። ችፑድ ደግሞ ግድግዳ አይባልም። የሽንኩርት ቁሌት ያሳልፋል፣ ሳል ያሳልፋል፣ ስልክ ሲጠራ የማን እንደሆነ ያምታታል። ታጠቅ እህቱ መቼ ጉንፋን እንደያዛት፣ የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት፣ አርሲ ነገሌ ያለችው ልጇ ሀዊ መቼ እንደወለደች የሰማው በዚያው በኩል ነው። አንድም ቀን ግን «እንኳን ማርያም ማረቻት» አላለም። ችፑዱ የማያሳልፈው ሰላምታን ብቻ ነበር።

የጠቡ ምክንያት ይኸው ታመመ የተባለው አምፕሊፋየር ነው። አባታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ የሠራተኛው ክበብ ዕቃ ሲለውጥ ገዝተው ያመጡት፣ ወንድ ልጅ ወገቡን ይዞ የሚያነሣው ብረት ነው። እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፤ ድምፅ የሚያጎላው ጀርባው ላይ በተተከሉ የብርጭቆ አምፖሎች ነው፤ ሲበሩ እንደ ከሰል ፍም ይቀላሉ። እናታቸው አልጋ ላይ በዋሉበት በመጨረሻው ዓመት፣ በየማታው ዜና ሲያልቅ «ልጄ፣ ያቺን ክፈትልኝ» ይሉት ነበር። ያቺ የምትባለው ሁለት ዘፈን ብቻ የያዘች ትንሽ ሸክላ ናት፤ ወረቀቷ ተልጦ የዘፋኙ ስም ጠፍቷል። ይከፍትላቸዋል። እናትየው በተቀበሩ በማግሥቱ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ ለቀስተኛው ንፍሮ ይዞ ሲያወጋ ታጠቅ ወደ ውስጥ ገባና አምፕሊፋየሩን አብርቶ ሸክላዋን አስቀመጠ። ምን እንዳደረገ ያወቀው የውጭው ወሬ ቀጥ ሲል ነው። ለቅሶ ቤት እንኳን ዘፈን ሬዲዮ አይከፈትም፤ ጎረቤት ራሱ ዓርባው እስኪወጣ ዘግቶ ይቀመጣል። አማረች ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደለበሰች ገብታ ሶኬቱን ነቀለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» አለች፣ አገር እየሰማ። እሱም ኮረፈ። ቢናገር ኖሮ የሚለው አጭር ነበር፦ ዜናው አልቆ ነው፤ ሰዓቱ ደርሶ እጄ በልማዱ ሄደ። ይህንን ግን ለሽማግሌዎቹም አልነገረም። ተለምኖ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ የለመነው ሰው አልተገኘም።

ሚስት አግብቶ ነበር፤ አልበረከተም። ከመሥሪያ ቤቱም ጡረታ ወጥቷል። ቀኑ ሲመሽ የሚያዋራው ያንን ብረት ነው። ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት ጃኬቱን እየደረበ ያሰበው ነገር ለሌላ ሰው ተራ ቢመስልም ለእሱ ትልቅ ነበር። ወንጂ ሄዶ የድሮዎቹን፣ የደህናዎቹን አምፖሎች እንደምንም ያመጣል። ማታ ይተክላቸዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳቀቅ፣ የእናታቸውን ዘፈን ይከፍታል። ስታልቅ በችፑዱ በኩል «እትዬ፣ ድምፁ አሁን እንዴት ነው?» ይላታል። በቃ። ይቅርታ የሚለው ቃል ለአፉ ከብዶት ኖሯል፤ ስለ ድምፅ መጠየቅ ግን ለማንም አይከብድም።

የግቢውን በር ከፍቶ ሲወጣ ባዶ አይሱዙ መውጫውን ዘግቶ ቆሟል። ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ኦቦ፣ አካም ቡልተን? ደህና አደሩ? ዕቃ የሚጫነው ከዚህ ነው አይደል?» አለው።

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ዕቃ የለም» አለ ታጠቅ፣ በመኪናውና በአጥሩ መሐል ሆዱን እያጠበበ።

«አረንጓዴ በር ነው ያሉኝ። ስልካቸው ደግሞ አይነሣም።»

«ተሳስተሃል አልኩህ እኮ። ይህ የእናቴ ቤት ነው፤ ማን የት ይሄዳል? ከታች በኩል ሌላ አረንጓዴ በር አለ፣ እዚያ ሄደህ ጠይቅ።»

ሹፌሩ ራሱን አከከና ወደ ኋላ መንዳት ጀመረ። ታጠቅ መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየው። በቤቱ ጉዳይ እርግጠኛ ስለነበር ደስ እያለው ነው የሄደው።

እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄደ። የኅዳር ነፋስ የአዳማን አቧራ እያነሣ መስታወቱ ላይ ይበትነዋል። ከከተማው ወጥተው የሸንኮራው ማሳ በግራና ቀኝ ሲመጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ የሆነ ቦታ ለቆረጣ ያቃጠሉት ማሳ ጥቁር አመድ ደግሞ እየተንሳፈፈ ገብቶ ተሳፋሪው ልብስ ላይ ያርፋል። ታጠቅ አመዱን አላራገፈም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «እትዬ፣ ድምፁ አሁን እንዴት ነው?» የሚለውን ይለማመድ ነበር። «እትዬ» የምትለዋ ቃል አስቸገረችው፤ ስድስት ዓመት ሳትወጣ ኖራ ዝጋለች። «እህቴ» ቢላት? እህቴ የሚላትማ ሊስትሮም ነው። «ድምፁ ተሻለው ወይ?» ይሻል ይሆን? ታሟል ያለችው እሷ አይደለችም? አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሰውየው ብቻውን ሲያወራ አይታ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ አስገብታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

የሚሄደው የማናሴ ሚስት ቤት ነው። ማናሴ በሕይወት ሳሉ የወንጂን ሠራተኛ ሬዲዮ ሁሉ ያደሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከሞቱ በኋላ ያልተነኩ አምፖሎች አልጋ ሥር እንዳሉ አዳማ ገበያ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ነገሪ ነግሮት ነበር፤ ሴትየዋ ግን እንደማይሸጡ ጨምሮ ነግሮታል። ታጠቅም አምና ሄዶ ሞክሯል። ወይዘሮ አሳየች ያን ጊዜ በሩን በግማሽ ከፍተው «የለም ልጄ፣ ይቅርብህ» ብለው ነው የመለሱት። ዘንድሮም በሩን በግማሽ ነው የከፈቱት። ረድፍ ሠርተው ከተደረደሩት ከድሮዎቹ የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ነው፤ ደጃፉ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም አለ፣ ጤና አዳሙም ላይ አመድ አለ።

«አምና መጥተህ አልነበር? አልሸጥም ብዬህ ነበር እኮ።»

«ብለውኛል እማማ። ዛሬ የመጣሁት ለእህቴ ብዬ ነው።»

«እህትህ አምፖል ምን ታደርግበታለች?»

«ሙዚቃ ትሰማበታለች። ድምፁ ተበላሽቶባት እንቅልፍ አጣች።»

ወይዘሮ አሳየች ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ያልተላጨው ግማሽ ጉንጩ ነው መሰለኝ ያሳዘናቸው። «አብራችሁ ናችሁ?» አሉት።

«አንድ ቤት ነን» አለ ታጠቅ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ግን አፉ ውስጥ ሲዞር እንደ ውሸት ነበር።

«ታድለሃል» አሉና በሩን ለቀቁለት። «እኔ ድምፅ የሚበላሽብኝም የለ።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በማናሴ አሮጌ ካናቴራ የተጠቀለለውን ካርቶን ከአልጋው ሥር ራሱ እንዲያወጣው አዘዙት፤ እሳቸው ጎንበስ ማለት ትተዋል። ታጠቅ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣቸው ጀመር። የዚህ አምፖል አናቱ ላይ ከውስጥ የተለቀለቀ ብርማ ነገር አለ። እሱ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፣ ሞቷል፤ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ በሕይወት አለ። ሁለቱ ሞተዋል። የቀሩት ያብለጨልጫሉ፤ ታጠቅ የገዛ አፍንጫውን ተጣሞ አየባቸው። ለእሱ አምፕሊፋየር የሚሆኑት ሁሉም አሉ፣ እግራቸው እንኳ አልተቧጨረም። ወይዘሮ አሳየች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «የሚመጡት ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሊያሻግሩት ነው» አሉ። «ማናሴ ደግሞ ያስቀመጣቸው ሰው ቤት እንዲበሩ ነበር። ለእህትህ ከሆነስ ውሰድ።» ዋጋ ሲጠይቃቸው አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ የማይገዛ ነገር ጠሩ፤ ጨምሮ ቢሰጣቸው ትርፉን መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

ሳይበላ መሄድ የማይታሰብ ነው። ሽሮ ሠሩ፤ ሽንኩርቱን ሲከትፉ፣ ምድጃው እንቢ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ሄደ። ስለ እህቱ ጠየቁት። ምን ትወዳለች? ልጅ ሳሉ አባታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንጂ ሸንኮራ ሲያመጡላቸው አማረች መሐሉን ለእሱ ሰጥታ አንጓውን ራሷ ትግጥ ነበር፤ እሱን ነገራቸው። ጥርስ አላት ወይ? አላት መሰለኝ፤ ሳቋ ደህና ነው። የሳቋን ነገር ከየት እንዳመጣው እሱም አላወቀም፤ በችፑዱ በኩል የሰማውን ነው። ወይዘሮ አሳየችም በተራቸው መተሃራ ስላለው ልጃቸውና ለበዓል ብቻ ስለሚደውሉት ስለሌሎቹ አወሩ። ታጠቅ ሁለት ጊዜ ለመነሣት ሞክሮ ተቀመጠ። ጥሎ መሄዱ ነውር መሰለው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስም ብሎታል። ምን በላህ፣ ማን አለህ ብሎ ሰው ከጠየቀው ብዙ ጊዜው ነው። ሲወጣ ጎረቤት አስጠርተው ሦስት ዘንግ ሸንኮራ አሳሰሩለት። «ይሄን ለእሷ። አሳየች ነው የላከችልሽ በላት» አሉት።

ሲመለስ ሸንኮራው ሚኒባሱ ውስጥ አልገባ ብሎ በመስኮት ወጣ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ሦስቱ ረጃጅም ሰዎች ሒሳብ ይከፍላሉ?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀው፤ ታጠቅም አብሮ ሳቀ። አምፖሎቹን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቅፏቸዋል። ግቢው ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። በሩ ሥር የመኪና ጎማ አሻራ፣ የተበጣጠሰ ሲባጎና የፍራሽ ጭድ አየ። ያ ደነዝ ሹፌር ተመልሶ መጥቶ እዚህ ዞሯል ብሎ ተበሳጨ። ከችፑዱ ማዶ ድምፅ አልነበረም፤ አማረች ለሠርክ ጸሎት ሄዳ ይሆናል። እንዲያውም ደግ ሆነ፤ እስክትመጣ ጨርሶ ይጠብቃታል። ሸንኮራውን ጥግ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ።

አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅሎ ትንሽ ቆየ፤ ይህ ዕቃ ተነቅሎም ለጥቂት ጊዜ ይናከሳል። የቻይናዎቹን አምፖሎች እያወዛወዘ አወጣና አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። የማናሴን አምፖሎች እግራቸውን በአልኮል ጠርጎ እያንዳንዷን ቀዳዳዋ ውስጥ ሲያስገባት «ጥርቅ» ትላለች። ያች «ጥርቅ» ደስ ስትል! አበራው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከብርጭቆው ውስጥ ክር የምታህል ቀይ ነገር ታየች፤ ቀስ ብላ ሰፋች፤ ክፍሉ ውስጥ የሞቀ አቧራ ሽታ መጣ። ታጠቅ እስኪሞቅ ጠብቆ ሸክላዋን አስቀመጠ፤ ድምፁን ስድስት ዓመት ከፍ አድርጎት እስከማያውቀው ድረስ አዞረው።

ክራሩ ወጣ። ማጉረምረሙ ጠፍቷል፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ታጠቅ ሊስቅ አፉን ከፈተና ዘጋው። አንድ የማያውቀው ነገር አለ። ከእያንዳንዱ የክር ምት ኋላ ሌላ ምት ይከተላል፤ የውሃ ጉድጓድ ላይ ቆመው ሲጣሩ ጉድጓዱ እንደሚመልሰው ዓይነት። የአሮጊቷ አምፖሎች ጉድ ሠሩኝ አለ በልቡ፤ ያን ሁሉ ሽሮ አብልተውት ወዲያው ማማቱ አላሳፈረውም። አጥፍቶ፣ እስኪበርዱ ሳይጠብቅ በፎጣ ይዞ አወጣቸው፤ የቻይናዎቹን መለሰ። አሁን ጢንዚዛውም መጣ፣ ጉድጓዱም አለ። ስፒከሮቹን አንቀሳቀሰ። ሽቦዎቹን ፈትቶ አሰረ። ያው ነው። እንግዲህ አምፖሉ ካልሆነ ክፍሉ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ የትናንቱ ክፍል ነው፤ ያው አልጋ፣ ያው ጠረጴዛ። መጨረሻ ላይ መዳፉን ችፑዱ ላይ አሳረፈ። ችፑዱ እንደ ከበሮ ቆዳ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚህ በፊት ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ከማዶ በኩል የአማረች ትልቁ ቁምሳጥን ከነልብሱ ተደግፎት ይኖራል፤ ከጎኑ ደግሞ አልጋዋ።

«እትዬ?» አለ ታጠቅ። ሲለማመድበት የዋለው ቃል ሳይቸግረው ወጣ። ችፑዱ «እትዬ» ብሎ መለሰለት።

ሲወጣ ከሉሊት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ሥራ ልትሄድ ነው።

«ጋሽ ታጠቅ! የት ጠፍተው ነው? ቀኑን ሙሉ እኮ ሲጠብቁዎት ነው የዋሉት።»

«ማን?»

«እትዬ አማረች ናቸዋ። ጠቅልለው ወደ አርሲ ነገሌ ሄዱ እኮ፣ ሀዊ ጋ። ልጇን የሚይዝላት አጥታ ነው። መኪናው ጠዋት በር ላይ ደርሶ፣ አንድ ሰውዬ 'አይደለም' ብሎ መልሶት እስከ ስምንት ሰዓት ጠፍቶ ቆየ። እሳቸው ግን አልተናደዱም። 'ሰውየው ደግ አደረገ፣ እስከዚያ ታጠቅ ይመጣ ይሆናል' ሲሉ ነበር። በርዎን እየመጡ ሲያንኳኩ ዋሉ። እንዲያውም ዕቃው ተጭኖ ካለቀም በኋላ ወርደው አንኳኩ።»

ታጠቅ የግቢውን በር ይዞ ቆመ። ጠዋት የሸኘው አይሱዙ፣ ሲባጎው፣ ጭዱ በየተራ መጡበት። ሽሮው መጣበት። ሁለት ጊዜ ለመነሣት ሞክሮ ተቀምጧል።

«ጠዋት ስታወሪ የነገረችሽ ይህንን ነበር?»

«አዎ፣ ሰምተው ነበር እንዴ?» አለች ሉሊት ደንግጣ። «ማልቀስ ጀምረው ነበር። 'ስሄድ የሚናፍቀኝ ያ ዕቃ ነው፤ ሳይሻለው ተለየሁት' አሉ። ስልካቸው አለኝ፣ ልደውልልዎት?»

«አሁን መንገድ ላይ ናት፤ አትረበሽ» አለ ታጠቅ፣ አይሱዙውን የምትነዳው እሷ ይመስል።

የፋብሪካው ሰርቪስ ከአስፋልቱ ጥሩንባ ነፋ። ሉሊት «ነገ እደውልልዎታለሁ እሺ» ብላ እየሮጠች ሄደች። ከእሷ በኋላ የጎረቤቱ በር ተከፈተ፤ አንዲት ሴት ታጠቅን አየችውና «እንዴት ዋልክ፣ አይዞህ» ብላ መልሳ ዘጋችው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ባለሱቁ ያውቃል፣ እድሩ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የቻይናዎቹን አምፖሎች አወጣ፤ የማናሴን መልሶ ተከለ። አሁን አልተቻኮለም። ድምፁ እንዴት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ራሱ ሄዶ ሊሰማው ነው። አምፖሎቹ ፍም እስኪመስሉ ጠብቆ ሸክላዋን አስቀመጠና ሸንኮራውን ተሸክሞ ወጣ። ዘፈኗ ስትጀምር እሱ ጓሮውን እየዞረ ነበር። የአማረች በር ገርበብ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ አራት የአልጋ እግር ጉድጓዶችና የቁምሳጥኑ ጥላ የሚመስል ያልደበዘዘ ቦታ ቀርቷል። ወለሉ ተጠርጓል፤ ቤት ለቅቃ ስትሄድ ጠርጋ የምትሄድ ሴት ናት። ችፑዱ በእሷ በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል። አልጋዋ በነበረበት በኩል፣ ሰው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ሲያስደግፍ ራሱ በሚደርስበት ቁመት፣ ጋዜጣው ላይ የሰሃን ያህል ጥቁር የፀጉር ቅባት ምልክት አለ። እንዲህ ያለ ምልክት ባንድ ወር አይመጣም። ፊደሎቹ ሁሉ ጠፍተዋል።

ታጠቅ ሸንኮራውን ግድግዳው ሥር አስተኝቶ ምልክቱን በእጁ ነካው። ከዚያ ሦስት የተረሱ ጡቦች ከጓሮ አምጥቶ አነባበረና ተቀመጠባቸው፤ ጀርባውን ለችፑዱ ሰጠ። ራሱን ምልክቱ ላይ ሲያሳርፈው ልክ ነበር፤ የአንድ እናት ልጆች ቁመታቸው ያው ነው። ድምፁ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጭንቅላቱ አጥንት ገባ። ከዚህ በኩል ሲሰማ ክራሩ ለስለስ ይላል፤ ጉድጓዱም አይሰማም። ከገዛ ክፍሉ ይልቅ እዚህ ያምር ነበር። «ተሽሎታል እትዬ» አለ ታጠቅ። አለቀሰም፤ የሚሰማው ስላልነበረ ድምፁን አልደበቀም።

ዘፈኗ አለቀች። መርፌው መሐል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ እየዞረ ትክ፣ ትክ ይል ጀመር። ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ ታጠቅ ብድግ ብሎ ሸክላዋን ያገላብጣል። ዛሬ አልተነሣም። ራሱን እዚያ ምልክት ላይ እንዳስደገፈ፣ እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳደረገችው፣ ከማዶ ያለው ሰው ተነሥቶ እስኪያገላብጣት ጠበቀ።